ከጥገና በኋላ የመኪና ነዳጅ አለማፍሰሱን ስለ መመርመር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ስለ ጠብም፥ ስለ በሽታም፥ ስለ ዕዳም ሲነገር ይሰማል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን በእውነት ስለሚቃጠል ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ቤንዚን ነው። መኪና ጋራዥ ገብቶ ከተጠገነ በኋላ ነዳጁ በአንዱ ቦታ እንዳያፈስ እንዴት መመርመር እንደሚገባ፥ ባየሁትና በተማርሁት መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ። ውድ አንባቢያን፥ ጉዳዩ የመካኒኮች ብቻ እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ። መኪና ያለው አባት፥ በታክሲ የሚመላለስ ተማሪ፥ በመኪና ማቆሚያ አጠገብ ቡና አፍልታ የምትሸጥ እናት ሁሉ የሚካፈሉት ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፥ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በምትካቸውም በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እንዲገቡ አደረገ። አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲህ ስለ ቤንዚን መማር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገሩ ግን እነርሱ እንደሚያስቡት አይደለም። ቀድመው የገቡት የቤንዚን መኪናዎች አሁንም በመንገድ ላይ አሉ፤ በየዓመቱም ያረጃሉ። ያረጀ መኪና ደግሞ ደጋግሞ ይጠገናል። ደጋግሞ በተጠገነ ቁጥር የነዳጁ ቱቦ ደጋግሞ ይፈታል፥ ደጋግሞ ይታሰራል። ስለዚህ የዚህ ምርመራ አስፈላጊነት ከዛሬ ጀምሮ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የምኖርበት ሠፈር ጎተራ ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከትልልቆቹ የእህል ጎተራዎች ቢሆንም፥ ዛሬ ከእህሉ ይልቅ በመኪናው ብዛት ይታወቃል፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መንገድ ከወሎ ሠፈር ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው በዚሁ ነውና። አጎቴ በዚህ አካባቢ በአንድ ትንሽ ጋራዥ በመካኒክነት ይሠራል። እኔም ባለፉት ሁለት ክረምቶች ትምህርት ሲዘጋ ከእርሱ ጋር እየዋልሁ፥ መፍቻ እያቀበልሁ፥ መብራት እየያዝሁ ጥቂት ነገር ለመማር ችያለሁ። የጋራዥ ቋንቋ ጣልያንኛ ይበዛዋል፤ ካንዴላ፥ ማርሚታ፥ ፍሪሲዮን፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍም የማይታወቅ ቃል ሲመጣ ትርጉሙን አብሬ እገልጻለሁ።

ነዳጁ የሚሄድበት መንገድ

የመኪና ነዳጅ የሚጠራቀምበት ዕቃ በጋራዥ ቋንቋ ሰልባትዮ ይባላል። ከሰልባትዮው የተነሣ ቀጭን የብረት ቱቦ በመኪናው ሆድ ሥር አልፎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ወደ ሞተሩ ሲቃረብ ግን ብረቱ በጎማ ቱቦ ይቀጠላል፤ ሞተር ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ ቱቦው እስከ መጨረሻው ብረት ቢሆን ይሰበር ነበር። በመካከሉ ቆሻሻ የሚያስቀር ፊልትሮና ነዳጁን የሚገፋ ፓምፕ አለ። የጎማውን ቱቦ በብረቱ ላይ አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ፋሼታ ይባላል። የተረፈውን ነዳጅ ወደ ሰልባትዮው የሚመልስ ሁለተኛ ቱቦ ያላቸው መኪናዎችም አሉ። ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በቱቦው መካከል ሳይሆን በእነዚህ መገጣጠሚያዎች ነው፤ የጥገና ሠራተኛ እጅ የሚነካቸውም እነዚሁ ናቸው።

መኪናዎችን በሁለት ወገን ከፍለን እንይ። አንደኛው ወገን ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎቹ ናቸው፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የላዳ ታክሲዎችና ሰዎች በፍቅር የሚያቆዩዋቸው የድሮ ቮልስዋገኖች ከዚህ ይቆጠራሉ። በእነዚህ ነዳጁን የሚገፋው በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሲሆን፥ ግፊቱ ከአየር ግፊት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ወገን እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያሉት ኢንጀክተር ያላቸው ናቸው። የእነዚህ ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራና በሰልባትዮው ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ግፊቱም ሦስት የአየር ግፊት ያህል ይደርሳል። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በካርቡራተር መኪና ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ቀዳዳ በኢንጀክተር መኪና ላይ እንደ ሽቶ መርጫ ይረጫል። ከዚህም ሌላ ኢንጀክተር ያለው መኪና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ግፊቱን ለብዙ ሰዓት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፥ ግፊቱ ሳይለቀቅ ቱቦ አይፈታም።

ቤንዚን ለምን ያስፈራል?

ብዙ ሰው ቤንዚን ሲቃጠል ፈሳሹ የሚነድ ይመስለዋል። የሚነደው ግን ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ውስጥ ሌሊትም ሆነ ቀን፥ ክረምትም ሆነ በጋ፥ የፈሰሰ ቤንዚን ሁልጊዜ ለመቀጣጠል የተዘጋጀ ነው። ናፍጣ ግን በዚህ ይለያል፤ እስከ 50 ዲግሪና ከዚያም በላይ ካልሞቀ በብልጭታ አይቀጣጠልም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ስለዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት ሙቀቱ እኩል ከሆነ ቤንዚንም ከቆላው ይልቅ እዚህ ለመትነን ይቀለዋል።

የቤንዚን ተን ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፥ በመሬት ላይ ይሳባል፥ ጉድጓድ ካገኘ ይተኛበታል። መኪናው በአንድ ቦታ ቆሞ እሳቱ ከእርሱ ራቅ ባለ ቦታ ቢሆንም እንኳ ተኑ ሄዶ ሊደርስበት ይችላል።

የሒሳብ መምህራችን «ያልተቆጠረ ነገር አይታወቅም» ይሉናልና፥ እስቲ እንቁጠረው። አንድ ትንሽ ሲኒ ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። ይህ 37 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሁሉም ቢተን በትንሹ 9 ወይም 10 ሊትር ተን ይሆናል። የቤንዚን ተን ከአየሩ ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ከሆነ ጀምሮ በብልጭታ ይቀጣጠላል። እንግዲህ 10 ሊትሩ ተን 700 ሊትር ያህል አየር ተቀጣጣይ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው፤ ይህም ሦስት በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። አንድ ሲኒ ይህን ያህል ካደረገ፥ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያደረ መኪናስ? አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መኪና በአንድ ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፥ በ12 ሰዓት ሌሊት ደግሞ ከ2 ሊትር በላይ ያፈሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው «ቢያፈስ ይሸተኝ ነበር» ይላል። አፍንጫ እርግጥ ነው ቶሎ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ቶሎ ይለምዳል። ቤንዚን በሚሸትበት ቦታ ጥቂት ደቂቃ የቆየ ሰው ሽታውን መለየት ያቅተዋል። ይልቁንም ሙሉ ቀን እጁ በቤንዚን ሲታጠብ የሚውለው መካኒክ በአፍንጫው ብቻ ሊፈርድ አይችልም። ስለዚህ ምርመራ በዓይን፥ በወረቀትና በጊዜ ይደረጋል።

ከጥገና በኋላ የማፍሰሱ ምክንያት

ሳያፈስ የኖረ መኪና ከተጠገነ በኋላ ለምን ያፈሳል? ምክንያቶቹ ብዙ አይደሉም።

አንደኛ፥ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ለዓመታት ተጨምቆ ቅርጹን ለውጧል። ሲፈታና ሲመለስ እንደ ቀድሞው አይተኛም። ዋጋው ጥቂት ስለሆነ በአዲስ መለወጥ ሲገባ «ደኅና ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ሁለተኛ፥ ፋሼታው ሳይጠብቅ ይረሳል፤ ወይም ከመጠን በላይ ጠብቆ ጎማውን ይቆርጠዋል። ፋሼታ ጠፍቶ ቱቦው በሽቦ የታሰረበትም አለ። ሽቦ ቱቦውን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚጫነው አጥብቆ አይይዝም።

ሦስተኛ፥ ለነዳጅ ያልተሠራ ቱቦ ይገባል። የውኃ ወይም የአየር ቱቦ ከውጭ ሲያዩት የነዳጁን ይመስላል፤ ቤንዚን ግን ውስጡን ያብጠዋል፥ ያለሰልሰዋል፥ በመጨረሻም ይሰነጥቀዋል። በከተማችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከመቶ 5 እጅ፥ ከ2011 ጀምሮም ከመቶ 10 እጅ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይሸጥ እንደነበረ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለው ድብልቅ ደግሞ የጥንቱን ዓይነት ጎማ ይበልጥ ይጎዳል።

አራተኛ፥ ቱቦው በትክክል ቢታሰርም የሚያልፍበት መንገድ ይለወጣል። በሥራ ጊዜ ወደ ጎን የተገፋ ቱቦ ሳይመለስ ቀርቶ በሚዞር ቺንጋ ላይ ይፋተጋል፥ ወይም በጋለ ብረት አጠገብ ይቀራል። ይህ በዚያው ቀን አያፈስም፤ ከሳምንት በኋላ ነው የሚያፈሰው።

መኪናዎቹም በየዓይነታቸው የታወቀ ደካማ ቦታ አላቸው። በላዳ ላይ ካርቡራተሩ የተቀመጠው የሞተሩ ጭስ ከሚወጣበት ብረት በላይ ነው፤ ከላይ ጠብ ያለው ነዳጅ በጋለው ብረት ላይ ይወድቃል። ሰልባትዮው ደግሞ በኋላው የዕቃ መጫኛ ውስጥ በስተቀኝ ስለሆነ፥ እዚያ ቢያፈስ ሽታው ወደ ተሳፋሪው ይገባል። በድሮው ቮልስዋገን ሰልባትዮው ከፊት፥ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ነዳጁ የመኪናውን ርዝመት ሁሉ ያቋርጣል፤ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባው ትንሽ የነሐስ ቱቦም በዘመን ብዛት ላልቶ ሊወልቅ ይችላል። በቪትዝና በመሰሎቹ ፓምፑ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፥ ፓምፕ ከተለወጠ በኋላ ክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ዞሮ ወይም ተቆንጥጦ ቢቀር ተኑ በቀጥታ ወደ መኪናው ውስጥ ይወጣል።

የምርመራው ሥርዓት

ከምርመራው በፊት ቦታው ይዘጋጃል። መኪናው ነፋስ በሚያገኘው ሜዳ ላይ ይቁም እንጂ ከበታች መሥሪያ ጉድጓድ ላይ አይሁን፤ ተኑ እዚያ ይተኛልና። በሥራ ጊዜ የፈሰሰው ሁሉ ተጠርጎ፥ ጨርቁም ከአካባቢው ርቆ፥ መገጣጠሚያዎቹ እስኪደርቁ ይጠበቃል፤ አለዚያ የቆየውን ከአዲሱ መለየት አይቻልም። የዱቄት እሳት ማጥፊያና በባልዲ የተዘጋጀ አሸዋ በእጅ አጠገብ ይቀመጣል። ብየዳ፥ ብረት መቁረጫ፥ ሲጋራ፥ የከሰል ምድጃ ሁሉ ይርቃል። ጨለማ ቦታ ለማየት የባትሪ መብራት ይያዛል፤ መብራቱም የሚበራው ከመኪናው ራቅ ብሎ ነው። ክብሪት ወይም ላይተር ጭሮ ወደ ሞተር ማየት ግን ዕብደት ነው።

በአጎቴ ጋራዥ በር ላይ ቡና አፍልተው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ነዳጅ የሚፈታበት ሥራ ሲመጣ አጎቴ ራሱ ይሄድና «እትዬ፥ ዛሬ ቤንዚን ልንከፍት ነው» ይላቸዋል። እርሳቸውም ያለ ምንም ቅሬታ ምድጃቸውን ይዘው ከፍ ወዳለው፥ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ወዳለው ቦታ ይሄዳሉ፤ እኛም ረከቦቱንና በርጩማውን እንሸከማለን። ቡናውን የምንጠጣው ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ትንሽ ልማድ ከብዙ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይበልጣል እላለሁ።

ቦታው ከተዘጋጀ በኋላ ምርመራው በአምስት ጊዜ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ሞተሩ ሳይነሣ የሚደረገው ነው። የተነካው መገጣጠሚያ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሦስት ቦታ ተፈትቶ ከሆነ ሦስቱም ይታያሉ። ቱቦው በእጅ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ፋሼታው ከቱቦው ጫፍ ላይ አለመሆኑ፥ ቱቦውም ከጋለ ብረትና ከሚዞር ነገር መራቁ ይረጋገጣል። ከዚያም መገጣጠሚያው በነጭ ጨርቅ ይደርቅና የጠመኔ ዱቄት በስሱ ይነሰነስበታል። ይህን ዘዴ ያየሁት ከአጎቴ ነው፤ ጠመኔ ሲርስ ስለሚጠቁር፥ ዓይን የማያየውን ትንሽ እርጥበት ያሳያል። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ኩሬ ሳይሠራ ሊያፈስ ይችላልና ጠመኔው በዚህ ጊዜ ታላቅ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ግፊት ገብቶ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ኢንጀክተር ባላቸው ብዙ መኪናዎች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል። ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ቱቦውን በግፊት ይሞላል። በዚህ ጊዜ አንዱ ቁልፉን ሲይዝ ሌላው ያያል። ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ የማይሠራባቸው መኪናዎች ስላሉ፥ በእነዚያ ላይ ይህ ምርመራ ሞተሩ በተነሣበት በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ይደረጋል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውም «አጥፋ» ሲባል ወዲያው ለማጥፋት ይዘጋጃል።

ሦስተኛው ሞተሩ ሲሠራ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ ይዞራል፤ ከዚያም ጓደኛ ከውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሲረግጥ ይታያል። ሞተሩ ሲያጓራ የሚንቀጠቀጠው መገጣጠሚያ ደካማ ከሆነ ያኔ ይገለጣል። የሚያየው ሰው የእጅጌውን ጫፍ፥ የአንገቱን ልብስ ይሰብስብ፤ የሚዞር ነገር አጠገቡ አለና። ናፍጣ በሚጠቀሙት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ነዳጁ ከሺህ የአየር ግፊት በላይ ሊደርስ ስለሚችል፥ የሚያፈሰውን ቦታ በእጅ ለመዳሰስ መሞከር አይገባም፤ ቀጭኑ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሞተር ራቅ ብሎ ካርቶን ማስጠጋት ይሻላል።

አራተኛው ከመንገድ መልስ ነው። መኪናው ሃያ ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ ከጥቂቱ መንገድ ኮብልስቶን ወይም ጎርበጥባጣ ቢሆን መልካም ነው። ሲመለስ ሞተሩ ይጠፋና ወዲያው ይታያል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ደግሞ ይታያል። ለምን ሁለት ጊዜ? ሞተር ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም ስለሚቆም፥ ከኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይጨምራል እንጂ ወዲያው አይቀንስም። በዚያ ሙቀት ብረቱ ይለጠጣል፥ ጎማው ይለሰልሳል፥ ነዳጁም ይገፋል። ቀዝቃዛ ሳለ ያልታየው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ሰዓት ነው።

አምስተኛው ሰልባትዮው ሞልቶ ማደር ነው። የፓምፑ ክዳን የሚገኘው በሰልባትዮው አናት ስለሆነ ግማሽ ነዳጅ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ በግማሽ ነዳጅ የተመረመረ ክዳን አልተመረመረም። ይሞላና ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ተነጥፎ በውጭ ያድራል። ጠዋት ካርቶኑ ይታያል። ቤንዚን ሊደርቅ ስለሚችል የደረቀው ምልክትም ይፈለጋል፤ እንዲሁም በአቧራማው የመኪና ሆድ ላይ ታጥቦ የነጣ ወይም አቧራ ተጣብቆ የጠቆረ መስመር ካለ ነዳጁ በዚያ ወርዷል ማለት ነው።

ስለ አንድ ታክሲ

ባለፈው ክረምት አንድ የላዳ ታክሲ ነጂ ወደ ጋራዡ መጣ። ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ቦታ ካርቡራተሩን አሳጥቦ ነበር። «ጋሼ፥ ቤንዚን ይበላብኛል፤ ጥቂትም ይሸታል፤ ቶሎ ብቻ አይተህ ልቀቀኝ» አለ። አጎቴ ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ሁሉ ደረቅ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ አሁንም ደረቅ ነበር። ነጂው ገንዘብ ሊሰጥና ሊሄድ ተነሣ።

አጎቴ ግን «ወንድሜ፥ አልጨረስሁም፤ ዞር ብለን እንምጣ» አለው። ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፥ ሰዓቱ እኮ የተሳፋሪ ሰዓት ነው። ይህቺን አንድ ሰዓት ካጣሁ የልጆቹን ወጪ ከየት አመጣለሁ?» አለ። እውነቱን ነበር፤ ለእርሱ አንድ ሰዓት ማለት የቤት ወጪ ነው። አጎቴም «ይህች መኪና ከተቃጠለችስ ስንት ሰዓት ታጣለህ?» ብሎ መለሰለት። ነጂው ጥቂት ዝም ብሎ ቆመና ቁልፉን አቀበለው።

ወደ ሳሪስ ወርደን ተመለስን። ሞተሩ ጠፍቶ ስናይ እንደ ቀድሞው ደረቅ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ወደ ካርቡራተሩ በሚገባው ቱቦ ላይ የነሰነስነው ጠመኔ በአንድ በኩል ጠቆረ። ቱቦው አዲስ ነው፤ ነገር ግን ለአፍንጫው ሰፊ ስለነበረ በሽቦ ተጠምዝዞ ታስሯል። ሲሞቅ ጎማው ለስልሶ በሽቦው አጠገብ ትንሽ በትንሽ ያወጣ ነበር፤ የሚወርደውም ጭሱ ወደሚወጣበት ብረት ነው። ልኩ የሆነ ቱቦና ሁለት ፋሼታ ተገዝቶ ገባ፤ ምርመራውም ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ተደረገ። ነጂው በዚያ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አጥቷል። ሲሄድ ግን የቀድሞውን ሽቦ ከመሬት አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ለጓደኞቼ ላሳያቸው» አለ።

ሲያፈስ ቢገኝ ምን ይደረጋል?

ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ እንደገናም አይነሣም። ሰዎች ይርቃሉ፤ በመኪናው ውስጥ ያለ ሰው ይወጣል። የፈሰሰው ቤንዚን በአሸዋ ይሸፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም፤ ቤንዚን በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውኃው ተሸክሞ ያዳርሰዋል። የድሮው ቮልስዋገን ሞተር ደግሞ ማግኒዚየም ካለበት ብረት የተሠራ ስለሆነ፥ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲነካው ይብሳል፤ በኬሚስትሪ ክፍል ማግኒዚየም ሲነድ ያየ ተማሪ ይህን አይረሳውም። እሳት ከተነሣ ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት አየር መስጠት ነው፤ ጥቂት ከፈት አድርጎ ማጥፊያውን በዚያ መርጨት ይሻላል። እሳቱ ከበረታ ግን ንብረቱን ትቶ መራቅና ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 መደወል ነው።

ከሰልባትዮ ቤንዚን ለማውጣት ቱቦ አስገብቶ በአፍ መሳብ በሠፈራችን የተለመደ ነው። ይህ ክፉ ልማድ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስታውክ ሳይገፋፉ ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንዲሁም ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ በቤት ወይም በጋራዥ ጥግ ማስቀመጥ፥ ውኃ መስሎት ለሚያነሣው ልጅም ለቤቱም አደገኛ ነው።

ለመኪና ባለቤቶችና ለወላጆች

መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቱቦው የተፈታው ዛሬ ከሆነ የዓመቱ ምርመራ ለዛሬ ማታ አይደርስም። ስለዚህ መኪናውን ከጋራዥ የሚያወጣው ሰው ሦስት ነገር በትሕትና ይጠይቅ። አንደኛ «የተፈታውን ሁሉ አሳየኝ» ይበል። ሁለተኛ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ በፊቱ እንዲነሣ ይጠይቅ። ሦስተኛ ከመንገድ መልስ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቅ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቆጣም።

ነገር ግን ባለቤቱም የሚገባው ግዴታ አለ። በሁለቱ ክረምት ያስተዋልሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ምርመራ የሚዘለለው መካኒኩ ስለማያውቅ አይደለም። ሰው ለገባው ዕቃና ለታሰረው ብሎን ይከፍላል፤ ለማየትና ለመጠበቅ ግን አይከፍልም። «ምን ሠራህና ነው? ቆመህ አየህ እንጂ» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ሰዓቱ የማይከፈልበት ሠራተኛ ሰዓቱን ለሌላ መኪና ያውለዋል፤ ልጆች ያሉት ነጂም እንዲሁ ይቸኩላል። ሁለቱም የሚቸኩሉት ስለ እንጀራ ነው፤ በመካከል ግን ጠመኔው ሳይጠቁር የሚሄድ መኪና አለ። እንግዲህ የመኪናው ባለቤት ሒሳብ ሲነጋገር የምርመራውን ሰዓት ጨምሮ ቢነጋገር፥ ለመካኒኩ ጊዜ፥ ለራሱም የሌሊት እንቅልፍ ይገዛል።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች ደግሞ የምለው አለኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ግፊት፥ ስለ ትነትና ስለ መቶኛ የተማርነው ነገር ለፈተና ብቻ የተጻፈ ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን እነዚህን ሦስቱንም በአንድ አሮጌ ላዳ ኮፈን ሥር አግኝቻቸዋለሁ። ጠመኔውም ከክፍላችን ሰሌዳ ሥር የሚወድቀው ያው ጠመኔ ነው። በየቤታችን፥ በየጎረቤታችን የተጠገነ መኪና ሲመጣ፥ አንድ ካርቶን ከሥሩ አንጥፈን ጠዋት ለማየት ዲፕሎማ አያስፈልገንም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ቅጠሉን ያዘጋጁት ከእሳቱ በፊት ነበርና፥ እኛም ካርቶናችንን ማታውኑ እናንጥፍ።